ጡረተኛ ባልና ሚስት ከደብረ ማርቆስ እስከ ጣና ዳር፦ መኪና ውስጥ እያደሩ የመጓዝ ዝርዝር መመሪያ

ሌላ አገር ያሉ ጡረተኛ ባልና ሚስት አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ይገዛሉ። የባሕሩን ዳርቻ ይዘው ከአንዱ የመኪና ማደሪያ ወደ ሌላው እያሉ ይከርማሉ። እኛ ጋ ባሕሩም፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማደሪያ ሰፈርም የለም። ጎጃም ግን በውኃ አይታማም። ግሽ ዓባይ አለ፣ ዘንገና አለ፣ ቆጋ አለ፣ መጨረሻ ላይ ጣና አለ።

ከደብረ ማርቆስ በእንጅባራ በኩል እስከ ባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ወጣት ሹፌር በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እኔና ባለቤቴ ግን እናዘግመዋለን። በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አንነዳም። ከአሥር ሰዓት በኋላማ ጭራሽ መሪ አይነካም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በዚህች ልማድ ላይ የቆመ ነው።

1. ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። ስለዚህ ጓዝ ከመሸከፋችሁ በፊት ስልክ አንሡ። ዘመድ ብቻ አትጠይቁ። ዘመድ ናፍቋችኋልና «ኑ፣ ምንም የለም» ይላል። በየቀኑ የሚመላለሱትን ጠይቁ፦ የሚኒባስ ሹፌሮችን፣ የጭነት መኪና ሹፌሮችን፣ መናኸሪያ ውስጥ የሚሠሩትን።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል። መኪና እየሄደ ነው? እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሄደው? ከተማው ውስጥ የሰዓት እላፊ አለ ወይ? መልሱ «እንጃ» ከሆነ አትሂዱ። ጡረታ ወጥታችኋል፤ የሚያልፍባችሁ የመግቢያ ፊርማ የለም። በየማታው ለነገው መንገድ እንደገና ጠይቁ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ወሩን ምረጡ። የእኔ ምርጫ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ሜዳው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ጢስ ዓባይም ውኃ አለው። መጥፎነቱ ወባም የምትበረታው በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው። ጥርም ደስ ይላል። ጥምቀት አለ፤ ጥር 23 ቀን ደግሞ እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። በዚያ ሰሞን ግን የእንጅባራ ሌሊት አጥንት ድረስ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴን እርሱት።

2. መኪናውን አዘጋጁ

አዲስ መኪና አትግዙ። ሚኒባስ ያለው ሰው፣ አባዱላም ይሁን ዶልፊን፣ ግማሹን ጨርሷል። የኋላ ወንበሮቹ ሲወጡ ሁለት ሰው ተዘርግቶ ይተኛበታል። ግን ወንበር ከማስነቀላችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ በሉ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውና መኪናው ውስጥ ያለው ካልተገጣጠመ ለቦሎ ስትሄዱ ጣጣ ነው። ኢንሹራንስ ላይም ጥያቄ ያስነሳል። አልጋውን በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ ካደረጋችሁት ወንበሩን መልሶ መግጠም አያስቸግርም።

አልጋው የብረት እግር ይኑረው፤ ከላይ ኮምፔንሳቶ ይመታበት። ብዙ ሰው ጣሪያው እንዲርቅለት ብሎ አልጋውን ዝቅ ያደርገዋል። ለእኛ ጉልበት ይህ አይሆንም። ከፍታው የወንበር ያህል፣ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ቁጭ ብሎ ለመነሣት ይመቻል፤ ከሥሩም ጀሪካንና ካርቶን ይገባል። ስፖንጁ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይሳሳ። ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ይሁን። ቀን አንዱን አጥፋችሁ መቀመጫ ታደርጉታላችሁ። ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አይቀሰቀስም። የእኔ ባለቤት እንቅልፍ ውስጥ መሬት እንደሚቆፍር ሰው ነው የሚገላበጠው፤ ትዳራችንን ያተረፈው ይህ ስፖንጅ ነው።

መስኮቶቹ ላይ የአጎበር ጨርቅ ቆርጣችሁ በደንብ ለጥፉ። ሌሊት ሁለት መስኮት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይደር። ሁሉ ከተዘጋ ትንፋሻችሁ መስታወቱ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ ጠዋት ብርድ ልብሱ እርጥብ ነው። ለመብራት የመኪናውን ባትሪ አትንኩ። ትንሽ የሶላር መብራት ይበቃል፤ ቀን ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጣችሁት ይሞላል። መውጫው በር ሥር የምታስቀምጧት አንዲት ዱካ ያዙ። ቀላል ነገር ትመስላለች። ሌሊት በድንግዝግዝ ከሚኒባስ ስትወርዱ ነው ጥቅሟ የሚገባችሁ።

አሁን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። የጠፋ የሚመስል ከሰል ቢሆንም አይገባም። በአገው ምድር፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ከዲከረንስ ዛፍ የተከሰለ ጥሩ ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። እንጅባራ ላይ ሲበርዳችሁ ምድጃዋን አስገብታችሁ በሯን መዝጋት ያምራችኋል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ አይቀሰቅስም፤ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ቡታጋዝም ቢሆን የሚለኮሰው ውጭ ነው። ለብርድ መድኃኒቱ ጋቢና በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ «አንዴ እየው» ብላችሁ አትተዉት። ቆማችሁ አሳዩት፦ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ ቺንጋ፣ ጎማ። ስኮርታውን አውርዳችሁ ነፋስ እንዳለው ተመልከቱ። ክሪኩ የሚሠራ መሆኑን እዚያው ሞክሩት። ጎማ በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ ከተማ እስክትደርሱ የሚያበቃችሁ ግን ስኮርታው ነው። ናፍጣ ወይም ቤንዚን ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፤ «ቀጣዩ ማዳያ ላይ» አትበሉ። ቀጣዩ ማዳያ ላይ ሰልፍ ነው ያለው።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለባችሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ያንኑ መውጣት ነው። የድሮ ሹፌሮች ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። እግራችሁ ፍሬን ላይ ተጣብቆ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ይዛችሁ ቁሙ፤ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። በራሱ ይብረድ፤ ውኃ አታፍስሱበት። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ድልድይ ላይ ለፎቶ አትቁሙ። ጥበቃ አለ፤ ለሰላምታ እጅ አንሥቶ ማለፍ ነው።

3. መድኃኒትና ምግብ

የግፊት፣ የስኳር፣ የማናቸውም መድኃኒት ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቦርሳ ይቀመጥ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። የመድኃኒቶቹን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ኪስ ውስጥ ያዙ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ካላችሁ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ያበላሽባችኋል። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ ማሰሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሏት፤ ጥላ ውስጥ ትቀመጥ። ኢንሱሊኑን ግን ውኃ አይንካው። የሚያሸና የግፊት ክኒን ያለበት ሰው ደግሞ የሚወስድበትን ሰዓት ከጉዞው ጋር እንዲያስማማለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ካልሆነ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙ ነው። በየሰዓት ተኩሉ ወርዳችሁ ተራመዱ። እግር ሲያብጥ የሚታወቀው ማታ ጫማ ሲወልቅ ነው።

ከባድ ነገር ቢመጣ ሆስፒታሎቹ በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው፦ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ።

ምግቡን አያቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ፣ ቆሎ። ፍሪጅ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም። ድርቆሽ ለጾም በሽሮ፣ ለፍስክ በቋንጣ ይፈረፈራል፤ ከቡታጋዙ ላይ በሩብ ሰዓት ይነሣል። ጀበናና ስኒ አትርሱ። ቡና ማፍላት የምትፈልጉት ለቡናው ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ቁጥር 5 ላይ እነግራችኋለሁ። ውኃ ለሁለት ሰው በቀን አንድ 10 ሊትር ጀሪካን ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ይበቃል፤ የምትጠጡት ግን የፈላ ይሁን ወይም የታሸገ።

4. መንገዱን ቆራርጡት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከደብረ ማርቆስ ውጡ። አማኑኤልን፣ ደምበጫን አልፋችሁ ምሳ ፍኖተ ሰላም ነው። ሙዝና ማንጎ እዚሁ ግዙ፤ ወደ እንጅባራ ደጋ ከወጣችሁ በኋላ ይወደዳል። አዳሩም እዚያው ፍኖተ ሰላም ይሁን።

በሁለተኛው ቀን ቲሊሊ ስትደርሱ ምርጫ አለ። ወደ ሰከላ ብትታጠፉ ግሽ ዓባይ ነው፤ የዓባይ ምንጭ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚያ ደርሰው ጽፈዋል። ለአካባቢው ሰው ግን ቦታው ከሁሉ በፊት ጠበል ነው። እህል ሳይቀመስ በጠዋት ነው የሚቀረበው፤ ስለዚህ ማታውኑ ደርሳችሁ ከተማው ውስጥ እደሩ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ ከራቅ ብሎ መሳለም ይበቃል፤ አባቶችም ይህን ያውቃሉ። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው መንገድ ዝናብ ካለ ያስቸግራል። ዝናብ ከጣለ ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ ዘንገና። እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ዙሪያው ደን ነው፤ ጦጣዎች አሉበት፤ ምግባችሁን ጠብቁ። ዳሩ ወዲያው ስለሚገደል ዋና አይሞከርም። ለእኔ በዚህ መንገድ ላይ ቀኑን ቁጭ ብሎ ለመዋል ከዘንገና የሚበልጥ የለም። ጣናን ሰው ያውቀዋል፤ ዘንገናን ግን በሚኒባስ መስኮት እያየ ያልፈዋል። ቀኑን ዋሉበት እንጂ አትደሩበት። 2,500 ሜትር ላይ ነውና ውርጩ ከባድ ነው፤ ማታ እንጅባራ ግቡ።

ከእንጅባራ በኋላ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ከዚያ መራዊ። መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ። 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ መስኖ ነው። በበጋ ሌላው አገር ደርቆ እዚህ ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው። የግድቡን ጠባቂዎች አስፈቅዳችሁ ከሰዓት በኋላ ወፍ ተመልከቱ። ከመራዊ ባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ብትነሡ ከተማው ሳይጨናነቅ ትገባላችሁ።

5. ማደሪያ አጠያየቅ

ጉዞው የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መኪናችሁ አልጋ ስላለው ብቻ የትም ማደር አትችሉም። ሜዳ ላይ፣ ድልድይ ሥር፣ ጫካ ዳር ቆሞ ማደር የለም። ሰው የሚያውቃችሁ ቦታ ነው የምታድሩት። ለዚህም ነው አሥር ሰዓት ላይ መቆም ያለባችሁ፤ በቀን የመጣ እንግዳ ነው፣ በጨለማ የመጣ ግን ማንም ይጠረጥረዋል።

በከተማ የመጀመሪያው ምርጫ ሰፊ ግቢና ዘበኛ ያለው ሆቴል ነው። እንግዳ ተቀባዩን ሳይሆን ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ። «መኝታ አለን፤ መኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃና ሙቅ ውኃ ብቻ ነው የምንፈልገው» በሉ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ቁረጡ። እራታችሁን እዚያው ብሉ፤ ያን ጊዜ ዋጋውም ይለዝባል። ለዘበኛው ማታ ሻይ፣ ጠዋት ጉርሻ። አንዳንዱ ሆቴል «እንዲህ ዓይነት ነገር የለንም» ይላል። አትከራከሩ፤ ለሰውየው አዲስ ነገር ሆኖበት ነው። ሁለተኛው ሆቴል እሺ ይላል።

በገጠር ወረድ ብላችሁ በእግር ሂዱ። መኪናውን ሰው ደጅ ድረስ አትንዱ። ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ። «ደጅ» ወይም «ማነው?» ሲሉ «የእግዜር እንግዶች ነን፣ መሽቶብናል» ማለት ነው። «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» የሚል አይጠፋም። ሁለታችሁም አብራችሁ ብትታዩ ይሻላል። ሽበት ያለው ባልና ሚስት ማንንም አያስፈራም። ቤት ውስጥ ካላደራችሁ ብለው ያስቸግሯችኋል። «ከመኪናው አጠገብ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ማለት ያድናል። ከዚያ ማን እንደሆናችሁ ለቀበሌው እንዲነግሩላችሁ ጠይቁ። መታወቂያ አሳዩ። ይህ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ላሳደራችሁ ቤትም ጥበቃ ነው።

ገንዘብ አትስጡ፤ ይቀየማሉ። ጀበናዋ የምትመጣው እዚህ ጋ ነው። ቡናና ስኳር ይዛችሁ «እኛ እናፍላ» ብትሉ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። እስከ ሦስተኛው ድረስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አወቃችሁ ማለት ነው። ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ጥሩ ነው፤ ከረሜላ ግን መኪናውን ያስከብባል።

ቤተ ክርስቲያን አጠገብም ማደር ይቻላል። «ይፍቱን አባ» ብላችሁ ቀርባችሁ አስፈቅዱ። ከቅጥሩ ውጭ እንጂ ውስጥ አይቆምም። የበዓል ዋዜማ ከሆነ ማኅሌቱ እስኪነጋ ነው፤ እንቅልፍ የምትወዱ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

6. ጣና ዳር ስትደርሱ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰፊነቱ ግን ጥልቅ አያሰኘውም፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ላይ ዳሩን ይዘው የተሠሩ፣ ዛፍ የበዛባቸው ግቢዎች ያሏቸው ሆቴሎች አሉ። ቁጥር 5 ላይ ያልኩትን እዚህ ተጠቀሙ። ግን ውኃው ጥግ ድረስ ሄዳችሁ አትቁሙ። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ጉማሬ ነው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ይበዛል። ቀን ውኃ ውስጥ ነው፤ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። በእሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው መንገዱን የዘጋበት ይመስለዋል። ቢያንስ መቶ እርምጃ ራቁ፤ ከመሸ በኋላ ወደ ዳሩ አትውረዱ። ጉማሬ ማየት ካማራችሁ በቀን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ዓባይን ወደ ታች ተመልከቱ።

ሁለተኛው ወባ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የወባ ትንኝ አለ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የመኪናው በር ይዘጋ፣ አጎበር ይውረድ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዛችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ተመርመሩ፤ ጣና ዳር እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ሦስተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ጥልቀት የሌለው፣ ሣር ያለበት ዳርቻ ላይ ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ በሽታው ከእሷ ወደ ውኃው ይገባል። እግር ታጥቦ፣ ልብስ አጥቦ መመለስ ብቻ ይበቃዋል። የሐይቅ ውኃ ለመታጠቢያ ካስፈለጋችሁ ጀሪካን ውስጥ ሁለት ቀን ያሳድሩት፤ ተውሳኩ ሰው ሳያገኝ ይሞታል። ለመጠጥ ግን አፍሉት።

ጀልባ በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ሐይቁ ይናወጣል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባ፣ የሚጠብቃችሁ ስንት ሰዓት ነው፣ ይህን ሳትነሡ ተስማሙ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ባሕረ ገብ መሬት በቆየው ልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ስለዚህ ቡናው ከደን ጥላ ሥር ይበቅላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹን ተረጋግታችሁ ተመልከቱ፤ ከወደቡ ዳገት አለ፤ ምርኩዝ ያዙ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ባለቤቴ ክብራን ሲገባ እኔ አጠገቡ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ እቆያለሁ። ጀልባ ነጂው ይህን ከመነሻው ይወቀው፤ አለዚያ ውኃ ላይ ተቀምጣችሁ ፀሐይ ትመታችኋለች።

ለጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ። ውኃው የኃይል ማመንጫ ስላለበት በበጋ ይቀንሳል። መውጣት ሳትጀምሩ ባሕር ዳር ላይ «ፏፏቴው ውኃ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ እሱ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በ17ኛው መቶ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ነው፤ ዳገትና ጠጠር አለው። ሁለተኛው ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ሜዳ ሜዳውን ነው። ጉልበት የሚያማችሁ ሁለተኛውን ያዙ።

ከተማ ውስጥ ማታ የእግር መንገድ ከፈለጋችሁ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መሄጃ አለው፤ የሰዓት እላፊውን ግን አትርሱ። እራት ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጥብስ ነው። አምባዛ ለወጥ ይሻላል፤ ባለቤቴ በዚህ አይስማማም።

7. ሁለት ሰው በአንድ መኪና

ሌሊት ለሽንት መውጣት በዚህ ዕድሜ የማይቀር ነው። ጉማሬውም፣ ውሻውም፣ ብርዱም ውጭ ነው። መፍትሔው ፖፖ ነው፤ ክዳን ያላት የላስቲክ ፖፖ። መጀመሪያ ያስቃል፣ በሦስተኛው ሌሊት ማንም አይስቅም። ጠዋት ከውኃ ርቃችሁ ጉድጓድ ውስጥ ድፉት፣ አፈር መልሱበት። ቆሻሻ በፌስታል ታስሮ ከተማ ድረስ ይሄዳል። የሐይቅ ዳር ፕላስቲክ በቂ አለ።

ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ስልክና መንገድ ይይዛል። ማታ አንዱ ሲያበስል ሌላው ጎማ፣ ዘይትና በር ያያል። በየሦስት ቀኑ አንድ ሌሊት የሆቴል አልጋ ላይ እደሩ፤ ሻወር ውሰዱ፣ ልብስ አሳጥቡ፣ ተራራቁ። አንዱ ገበያ ሲወጣ ሌላው ይተኛ።

በመመለሻ ከባሕር ዳር ሳትወጡ ፍሬኑን አንድ ጋራዥ አስዩት። የሚገዛ ነገር ሁሉ ለመመለሻ ይሁን፤ ማርም፣ የዘጌ ቡናም። የቡሬ በርበሬን ግን ቤታችሁ ልትገቡ በምትነሡበት ጠዋት ግዙት። በርበሬ ይዞ መኪና ውስጥ ማደር ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነጥስ ያድራል።